የረዘመው ገመድ

የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ጠዋት የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የጫማ ሶል ነበር። ጭቃ የጠጣ፣ በአንድ ወገን ተበልቶ ያለቀ ሶል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለጋትም። ሰውየው ግንድ ሲያስተካክል ሁልጊዜ በቀኝ እግሩ ስለሚገፋ ጫማ አይበረክትለትም፤ እሷም በዚህ ስታሾፍበት ነው የኖረችው።

ሟቹ ዋና ሠራተኛዋ ነበር። እንጨት በመጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ፀጉር ታህል ከዘመመበት ማሽኑን አጥፍቶ «ቀጥታ ነው ያልኩት፣ ቀጥታ» ስለሚል፣ ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ቀጥታ ይለዋል። አሁን ጋሽ ቀጥታ ከግቢው ጀርባ፣ ከአንድ ትልቅ ጉቶ አጠገብ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ግንባሩ ተሰብሯል። ከእጁ ፈንጠር ብሎ መጥረቢያ ወድቋል።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባርቶ ነበር። ሬሳውን ዞር ዞር ብሎ አየና ፋይሉን ጉቶው ላይ ዘርግቶ መጻፍ ጀመረ። ሥራውን የሚወድ፣ ፈጣን ሰው ነው። በጣቢያው ውስጥ «እሱ የያዘው ጉዳይ አያድርም» ይባልለታል፤ ይህ መባሉንም ያውቃል።

«መጥረቢያው ላይ ደም የለም» አለች ረዳቱ ሳጅን፣ ቁጢጥ ብላ እያየች።

«ዝናቡ አጥቦታል።»

«እዚህ ጋ ደግሞ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ሌላው ቦታ ጭቃ ነው፤ እዚህ ብቻ።»

«እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሰጋቱራ ብታገኚ ምን ይገርማል?»

ሳጅኗ ዓይኗን ከሰጋቱራው ላይ አላነሳችም። እንዳልተስማማች ኢንስፔክተሩ ያውቃል፤ ግን ጊዜ አልነበረውም።

የመሰንጠቂያው ባለቤት መጥረቢያውን ስታይ ወዲያው አወቀችው። እጀታው ላይ የተቀረጸ ምልክት አለ። «የአባታቸው ነው። አሁን የሚቀመጠው ታናሽ ወንድሙ ጋ ነው፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ።»

«ወንድሙ ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር?»

ሴትዮዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ከሰዓት መጥቶ ተጨቃጨቁ። የእናታቸውን ቤት እንሽጥ፣ አንሽጥ ነው። ሁሉም ሰው ሰምቷል።»

ከበሩ አካባቢ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ከፊት የቆመው ጣውላ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሟቹ የልብ ጓደኛ። መኪናውን በዝግታ ስለሚነዳ ሠራተኞቹ ሁለቱን «ቀጥታና ቀስታ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ሹፌሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ያለቅሳል።

«ትናንት መቼ ነው የተለየኸው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ጭኜ... ዝናቡ ሳይጀምር ወጣሁ።» ከዚያም ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ።

ኢንስፔክተሩ ግን ወደ ሳጅኗ ዞሯል። «ነይ እንሂድ። ገዳዩ ይታወቃል።»

ሹፌሩ አፉን ዘጋ።

*

ሬሳውን የመረመረው ሐኪምና ኢንስፔክተሩ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ «አንድ ምት ነው፤ ከፊት ለፊት» አለ። «ወዲያው ነው የሞተው፤ አልተሰቃየም።»

«የመጥረቢያ ደንደስ?»

«እሱ ላይ ነው ያልተስማማሁት። ደንደሱ ቀጥ ያለ ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ምልክት ግን ጎበጥ ያለ ነው፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ። ጉልበቱም ብዙ ነው። ሰው በክንዱ እንዲህ ይመታል ብዬ ለመማል ይከብደኛል።»

«የተናደደ ሰው አታውቅማ።»

«አውቃለሁ እንጂ። አንተን።»

ተሳሳቁ። ኢንስፔክተሩ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ሳቅ ባስታወሰው ቁጥር ጆሮው ይግላል።

*

ፀጉር ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ መስታወት፣ አንድ ወንበር፣ መደርደሪያው ላይ የታጠፈ ጋዜጣ። ወሬው ገና እዚያ አልደረሰም ነበር። አስተካካዩ የአንድ ደንበኛ ጉንጭ ግማሹን ላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ፖሊሶች ገቡ። የወንድሙን መሞት የሰማው ከነሱ ነው። ምላጩን አስቀመጠ፤ እጁን በፎጣው ደጋግሞ ጠረገ።

«መጥረቢያው ያንተ ነው?»

«የአባታችን ነው። ትናንት ከሰዓት የወሰድኩለት እኔ ነኝ። ሥር የምቆርጥበት ፈልጌያለሁ ብሎ ልኮብኝ።»

«ከዚያ ተጣላችሁ።»

«ተነጋገርን።»

«ሲመሽ የት ነበርክ? ሱቅህ ዝግ እንደነበር ጎረቤት ነግሮናል።»

አስተካካዩ ደንበኛውን አየ፤ መስታወቱን አየ፤ ከበር የተሰበሰበውን ሰው አየ።

«የት ነበርክ?»

«ጉዳይ ነበረኝ።»

ኢንስፔክተሩ ከዚህ በላይ አልፈለገም። ካቴናውን አወጣ። እናትየው የሚኖሩት ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ነው፤ ሁካታውን ሰምተው ነጠላቸውን በአንድ ትከሻ እየጎተቱ ወጡ። ልጃቸውን ታስሮ ሲያዩት ግድግዳ ያዙ።

«ምን አደረገ ልጄ?»

ኢንስፔክተሩ ሌላ ቃል መምረጥ ይችል ነበር። ተጠርጥሯል ሊላቸው ይችል ነበር፤ ለጥያቄ ነው ሊላቸው ይችል ነበር። «እማማ፣ ትልቁ ልጅዎ ሞቷል» አላቸው። «የገደለው እሱ ነው።»

እናትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «እውነት ነው?»

አስተካካዩ ድንጋጤ ምላሱን አስሮት አንገቱን ደፋ። እናትየው አንገቱን መድፋቱን እንደ መልስ ቆጠሩት። አልጮሁም፤ ፊታቸውን አልነጩም። ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ደረቅ ድምፅ «እንግዲህ እኔ የወለድኩት አንድ ልጅ ነው» አሉ። «እሱም ሞቷል።»

ጣቢያ ሲደርሱ ኢንስፔክተሩ ቃሉን ራሱ ጻፈና ወረቀቱን ገፋለት። «አንብብና ፈርም።» አስተካካዩ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ ዓይኑን ከላይ እስከ ታች አንከባለለ፤ ከዚያ ፈረመ።

ወንድሙ ሲቀበር እሱ ክፍል ውስጥ ነበር። የሬሳ ሳጥኑን ከፊት በኩል የተሸከመው ሹፌሩ ነው። ኢንስፔክተሩ ከዳር ቆሞ ሲያየው፣ ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው ሲል አሰበ።

*

በቀብሩ ማግስት ሳጅኗ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመች።

«ጌታዬ፣ የምን ሥር ነው?»

«ምን?»

«ሟቹ ‹ሥር የምቆርጥበት› ብሎ ነው መጥረቢያ ያስመጣው። መሰንጠቂያ ውስጥ ሥር ምን ይሠራል? ግንድ እንጂ።»

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣት ፈለገ፤ ግን ቁጣው የሚይዘው ነገር አጣ። የሐኪሙ ግማሽ ጨረቃም ሲከነክነው ነው የሰነበተው። ተነሳ።

ጉቶው እንደነበረ አለ። ያን ቀን ወረቀቱን ዘርግቶ የጻፈበት፣ ክርኑን ያስደገፈበት ጉቶ። አሁን ጎንበስ ብሎ ሲያየው ወደ አንድ ወገን ዘሟል። በዚያኛው ጎኑ ሥሮቹ በመጥረቢያ ተቆርጠዋል፤ ቁርጡ ልሙጥ ነው። በዚህኛው ጎን ያሉት ግን አልተቆረጡም፤ ረዣዥም ጭረታቸው ወጥቶ፣ ተስበው ተበጥሰዋል። ወገቡ ላይ ደግሞ ልጡን ልጦ የገባ ጠባብ ቦይ ዞሮታል። ሳጅኗ በጥፍሯ ከቦዩ ውስጥ አንድ ነገር ቆነጠረች፤ ቀልጦ የደረቀ ሰማያዊ ናይሎን።

ከጉቶው ራቅ ብሎ የተነሰነሰውን ሰጋቱራ በእግሩ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ ሁለት የጎማ ጎድጓዶች ተገለጡ። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ጭቃውን ቆፍሮታል። ሰጋቱራው የተነሰነሰው ጎማው እንዳይንሸራተት ነው።

«ጭቃ የነበረው ከዝናቡ በኋላ ነው» አለች ሳጅኗ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«ከዝናቡ በፊት ወጣሁ ያለው...»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

የመሰንጠቂያውን ባለቤት ቢሮዋ ውስጥ አገኟት። ኢንስፔክተሩ ስለ ጉቶው ጠየቃት። «ቦታው ለጣውላ ማስቀመጫ ስለተፈለገ አስወጣልኝ ብዬው ነበር» አለች። «መቆፈሪያ ማሽን እንከራይ አለኝ። እኔ ‹ለአንድ ጉቶ? ለምን ስበህ አታወጣውም› አልኩት። ስቄ ነው ያልኩት። ጌታዬ፣ እሱን ተናግሬ በእኔ ምክንያት ነው የሞተው እንዳይባል ነው ዝም ያልኩት። ደግሞ እርስዎ ገዳዩን ይዘናል አሉ።»

ኢንስፔክተሩ የሹፌሩን ቤት አቅጣጫ ጠይቋት ወጣ።

*

መኪናው ሹፌሩ ቤት በር ላይ ቆሟል፤ ሹፌሩ ግን አልነበረም። የጭነቱ ሸራ በሁለት ሰማያዊ የናይሎን ገመዶች ታስሯል። ሚስቱ ከበር ሆና፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ እኩል አስቆርጦ እንደገዛቸው ነገረቻቸው። ሳጅኗ ፈትታ ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። አንደኛው ከሌላው በሁለት ክንድ ይበልጣል። የረዘመው ደግሞ ቀጥኗል፤ ሲነኩት እንደ ሽቦ ይከረክራል።

ከመኪናው ኋላ የመጎተቻ ገመድ የሚታሰርበት ጎባጣ ብረት፣ ጋንቾው፣ አዲስ ነው። የተበየደበት ቦታ ገና ዝገት አልነካውም።

ሁለቱን ገመዶች ይዘው ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዱ። የቁሳቁስ ጥንካሬ የምታስተምረው ወጣት መምህርት ገመዶቹን ከዳበሰች በኋላ እስክሪብቶዋን ፈታች፤ ከውስጡ ያለችውን ሞላ ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው።

«ትንሽ ይሳቧት።»

ሳባት፤ ለቀቃት፤ ተመለሰች።

«አሁን እስኪበቃዎት ይሳቧት።»

ሳባት። ሞላዋ ተዘርጥጣ ቀረች።

«የተሳበ ነገር ሁሉ ይረዝማል» አለች። «ብረትም ይረዝማል፤ ዓይናችን አያየውም እንጂ። የሳቡበት ጉልበት በልኩ ከሆነ ሲለቁት ወደነበረበት ይመለሳል። ልኩን ካለፈ ግን ተመልሶም የድሮውን አይሆንም። ይኼኛው ገመድ ልኩን አልፏል።»

«ሸራ በማሰር እንዲህ ይሆናል?»

«ሸራው ቀድሞ ይቀደዳል። ይኼን የሳበው መኪና ነው።»

አጭሩን ገመድ መፈተሻው ማሽን ላይ አሰረችው። ማሽኑ ሲስብ ገመዱ እንደ ሊጥ እየቀጠነ መጣ፤ ርዝመቱ ሩቡን ያህል ጨመረ፤ አሁንም አልተበጠሰም። ኢንስፔክተሩ ሳያስበው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ልክ ነዎት፣ ፊት ለፊቱ አይቆሙ» አለች መምህርቷ ማሽኑን እያቆመች። «አሁን የሳብንበት ጉልበት የትም አልሄደም። አብዛኛው እዚሁ ገመዱ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ልጅ ሆነው በላስቲክ ወንጭፍ ተጫውተው ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ይኸው ነው። አንደኛው ጫፍ ድንገት ካመለጠ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ይዞ ይወረወራል። ብረት ካለበት ጥይት ይበሉት።»

«ገመዱ ግን አልተበጠሰም።»

«ገመዱ አሸንፏል። የተሸነፈው የታሰረበት ነገር ነው።»

«የሚወረወረው ወዴት ነው?»

«በገመዱ መስመር። ወደ ሌላው ጫፍ።»

ኢንስፔክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። ጉቶው፣ መኪናው፣ በመካከላቸው የተወጠረው ገመድ፣ ጉቶው ሥር ያለው ሰው። ግማሽ ጨረቃ የሚመስል ብረት። ገዳይ የሚባል ሰው አልነበረም። እሱ ነው የፈጠረው። ፈጥሮም ስም ሰጥቶት፣ በአደባባይ ካቴና አጥልቆለት፣ ለእናቱ አሳልፎ ሰጥቶታል።

*

ሲመለሱ ሹፌሩ መኪናው ጎማ ላይ ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ገመዶቹን በሳጅኗ እጅ ሲያይ ለመነሳት አልሞከረም።

«አሮጌው ጋንቾ የት ነው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

ሹፌሩ እንደ ምንም ቆመ። ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት። ከባድ፣ ጎባጣ ብረት ነው። የተገነጠለበት ገጽ አብዛኛው የቆየ ዝገት ነው፤ የሚያብለጨልጨው ጠባብ ጠርዙ ብቻ ነው። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ሁሉ ጭነት ሲሸከም የኖረው በዚያች ጠርዝ ነው።

«በያጁ ይቀየር ብሎኝ ነበር» አለ ሹፌሩ። «እኔ ደረብ አርገህ ጠግነው አልኩት። ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ነው የተያያዝነው፤ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ ቀስ ብዬ ሳብኩ፤ ጉቶው ነቅነቅ አለ፤ አልወጣም። ጨምር አለኝ። ስጨምር መኪናው ወደ ፊት ሄደ፤ ጉቶው ግን እዚያው ነው። ገመዱ ነው የረዘመው። ‹ቆይ፣ አንዷን ሥር ልቁረጣት› ብሎ ጎንበስ አለ። ያኔ ገመዱን ማላላት ነበረብኝ። ጉቶው እንዳይመለስብን ብዬ እንደተወጠረ ያዝኩት።»

«ከዚያስ?»

«ጧ አለ። በመስታወት ሳይ የቆመ ሰው የለም። ወርጄ ጠራሁት። በስሙ ጠራሁት፣ በቀልዱ ስም ጠራሁት። ከዚያ ገመዱን ፈታሁና ሄድኩ። ለምን እንደፈታሁት አላውቅም። እጄ ነው የፈታው።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ጠዋት የመጣሁት ልናገር ነበር። አፌን ስከፍት እርስዎ ገዳዩ ይታወቃል አሉ።» ሹፌሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያኔ እፎይ አልኩ። የጓደኛዬ ወንድም በእኔ ፋንታ ሲታሰር እፎይ ያልኩ ሰው ነኝ። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሳጥኑን ፊት ያዝ አሉኝ። አልይዝም ማለት አቃተኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሊጮህበት ፈልጎ ነበር። በሥራ ዘመኑ ብዙ ሰው ላይ ጮኋል። አሁን ግን በእሱና በዚህ ሰው መካከል ሊቆምበት የሚችል ከፍታ አላገኘም።

*

አስተካካዩን ከክፍሉ ሲያስወጡት ጢሙ አድጓል። ኢንስፔክተሩ ወንበር ሳበለት። እስከዚያ ቀን «አንተ» ሲለው ነበር።

«እርስዎ ነፃ ነዎት» አለው። ነገሩን ሁሉ፣ ገመዱንም ጋንቾውንም ሹፌሩንም፣ ሳያሳጥር ነገረው። አስተካካዩ እስከ መጨረሻው ሰማ።

«ያን ዕለት የት እንደነበሩ ቢነግሩኝ ኖሮ...» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ይህንም ማለቱ ወዲያው አሳፈረው።

«ትምህርት ቤት ነበርኩ።»

«የምን ትምህርት ቤት?»

አስተካካዩ ወለሉን አየ። «የጎልማሶች። ፊደል እየቆጠርኩ ነው። ሚስቴ አታውቅም። ጋዜጣውን የምዘረጋው ደንበኛ እንዳይንቀኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ፣ ደንበኛዬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እንዴት ብዬ ልናገር?»

ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ከፈተ። ቃሉ እዚያው አለ፤ ከታች ፊርማው። «ዝቼበታለሁ» ይላል ሦስተኛው መስመር። ሰውየው ያለው «ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም አልኩት» ነበር፤ ያሳጠረው እሱ ነው።

«ታዲያ ይህን ሲፈርሙ...»

«ስሜን መጻፍ አውቃለሁ።»

«ምን እንደሚል ሳያውቁ?»

«የጻፉት እርስዎ ነዎታ» አለ አስተካካዩ። «ልክ ይሆናል ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሳጅኗ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

*

ሳጅኗ መኪና ላስነሳ ስትለው ኢንስፔክተሩ እምቢ አለ። በእግሩ ከአስተካካዩ ጎን ሄደ። ፀጉር ቤቱ አካባቢ ሲደርሱ ሰው ሥራውን እያስቀመጠ ወጣ። ኢንስፔክተሩ እዚያው፣ ካቴናውን ያጠለቀበት ቦታ ላይ ቆመ።

«ይህ ሰው ወንድሙን አልገደለም» አለ። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሳላጣራ ነው ያሰርኩት። ሟቹን የገደለው አደጋ ነው።» ድምፁ መሐል ላይ ቀጠነበት፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተናገረው።

እናትየው በራፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። ልጃቸው ሲቀርብ ቀና ብለው ማየት አልቻሉም፤ ጫማውን ነው ያዩት።

«እማማ፣ ያን ቀን የነገርኩዎት...»

«እርግጠኛ ሆነህ ነው የነገርከኝ፣ ልጄ» አሉት። «እኔም አመንኩህ። ቃሉን ያወጣው ግን የኔ አፍ ነው፤ ያንተ አይደለም።»

እናትየው እጃቸውን ወደ ልጃቸው እጅጌ ዘረጉ፤ ሳይደርስ መለሱት፤ እንደገና ዘረጉና ያልተጣመመውን ኮሌታውን አቃኑለት።

«በልተሃል?» አሉት።

«አልበላሁም።»

ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ። ልጃቸውም ተከተላቸው። ኢንስፔክተሩ በራፉ ላይ ብቻውን ቀረ። ሂድም ቆይም ያለው የለም። መንገድ ላይ ያለው ሰው ያየዋል።

ከውስጥ የእናትየው ድምፅ መጣ። «ለሰውየው ወንበር አውጣለት። እንዲያ ቆሞ አይቅር።»

አስተካካዩ ወንበር ይዞ ወጣ። በክንዱ አቧራውን ጠረገለት፤ መሬቱ ላይ እንዳይነቃነቅ አድርጎ አስተካከለለት። ዓይኑን ግን አላየውም። «ይቀመጡ» ብሎት ተመለሰ።

ቢሰድቡት፣ በሩን ቢዘጉበት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ለዚህ ግን ምንም አላወቀም። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ተቀመጠ። ከውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ እናትና ልጅ አይነጋገሩም። ኢንስፔክተሩ ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ወደሚያየው ሰው ሁሉ እንዳደረገ፣ ቀና ሳይል ቁጭ አለ።